ወፍ የጠፋበት ጨፌ፦ ከአምቦ ወደ ካቺሲ መንገድ

አምቦ ያደግን ሰዎች ስለ ጊንደበረት ብዙ እናወራለን። ማሩን እንበላለን፣ ቅቤውን እንቀባለን፣ ከዚያ የመጣ ሰው ስናገኝ ስለ ብርዱ እንጠይቀዋለን፤ ሄዶ ያየው ግን ጥቂት ነው። እኔም አላየሁም ነበር። ባለፈው ጥቅምት የሄድኩት በአስተርጓሚነት ነው። ወደ ጊንደበረት ከተማ ወደ ካቺሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የድንጋይ ካባ ሊሰፋ ነው፤ ከመስፋቱ በፊት ሥሩ ባለው ጨፌ ምን ወፍ፣ ምን አውሬ እንደሚኖር የምታጠና ባለሙያ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ ኦሮምኛ ስለማትችል ሰው ትፈልጋለች ተባልኩ። ሥራ አልነበረኝም። ግጥም እጽፋለሁ፤ እሱን ሥራ ነው ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እሺ አልኩ።

ጨፌ ለማያውቅ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ሣሩ የማይደርቅ ረግረግ ሜዳ ነው። የዚህኛውን ቀበሌ ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ስለ እነሱ እንድጽፍ የፈቀዱልኝ በዚህ ስምምነት ነው።

ሰኞ

ከአምቦ መናኸሪያ በጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ገና ከተማውን ሳንጨርስ ጀመረችኝ።

“ወዴት ነህ?”

“ወደ ካቺሲ።”

“ዘመድ አለህ?”

“የለኝም። ለሥራ ነው።”

“የመንግሥት?”

“የግል።”

“የግል ሥራ፣ ካቺሲ?” አለችና እግሬ አጠገብ የነበረውን ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ጊንጪ እስክንደርስ እንዳቀፈችው ነበር።

ጊንጪ አስፋልቱ ዳር አንድ ነጭ ፒክአፕ ይጠብቀኝ ነበር። የመኪናው በር ላይ የተፋቀ ተለጣፊ ምልክት አየሁ፤ ምልክቱ የነበረበት ቦታ ቀለም ከሌላው ይልቅ ያበራል። ባለሙያዋ ሰናይት ትባላለች። በአዲስ ዓለም በኩል መጥታ ቀድማኝ ደርሳለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ትንሽ የምታወራ፣ ፀሐይ የጠበሳት ሴት ናት። ሾፌሩ አበራ ደግሞ ያለማቋረጥ ያወራል።

“መኪናው የማን ነው?” አልኳት ምሳ ስንበላ።

“የካባው” አለች ሽሮዋን እየጠቀለለች።

“የሚጠናው ራሱ ነው የምታጠናውን የሚያጓጉዛት?”

“አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥናቱን የሚያስጠናውም የሚከፍለውም ፕሮጀክቱ ነው። እኔን የቀጠረኝ አጥኚው ድርጅት ነው፤ እሱን የቀጠረው ካባው ነው።”

“አንቺስ ምን እንድታገኚ ነው የሚፈልጉት?”

ቀና ብላ አየችኝ። “አንተ አስተርጓሚ ነህ አይደል?”

ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ። በልቤ ግን የጥናቱ ውጤት አስቀድሞ ያለቀ መሰለኝ። አምቦ እያለን ምሳ ከከበደን በዚያ በሚፋጀው ጋዝ ያለው ውሃችን እናወራርደዋለን፤ የጊንጪ ውሃ ዝም ያለ ውሃ ነው። ሽሮውም ጥርጣሬውም ሆዴ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ወደ ሰሜን ታጠፍን።

መንገዱ ወደ ጎጆ ሽቅብ ይወጣል። ብርዱም አብሮ ይወጣል። ግራና ቀኙ ገብስና ድንች ነው፤ ድንቹ በየመንገዱ ዳር በጆንያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። አምቦ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። እዚህ ሰው ይቀመጥበታል፤ ፈረሶቹም ልዩነቱን የሚያውቁ ይመስል አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት።

አንድ ዳገት ላይ ጎማችን ተነፈሰ። ትርፉ ጎማም ነፋስ እንደሌለው ታወቀ። አበራ ትርፉን በእርግጫ ሲመታው አንድ ፈረሰኛ ገበሬ ቆሞ ነገሩን አጣራ፤ ከዚያ የተነፈሰውን ጎማ ከነቸርኬው ከፊቱ ኮርቻው ላይ አድርጎ ወደ ጎጆ ጋለበ። “ጎማችን ሄደ” አልኩ። አበራም “ሄደ” አለ። ስሙን እንኳን አልጠየቅነውም ነበር። የሰውዬው ሚስት ግን ከቤቷ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዛልን መጣች። እየላጥን እየበላን እያለ ሰውዬው ጎማውን አስለጥፎ ተመለሰ። ገንዘብ ብንሰጠው እጁን ከኋላው አደረገ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ “መሬት ልትለኩ ነው?”

“አይደለም፣ ወፍ ልናይ ነው” አልኩት።

ሰናይትን፣ መኪናውን፣ እኔን በተራ አየና “እሺ” አለ። ሚኒባስ ውስጥ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ስታነሳ ያየሁት ፊት ነበር።

ጎጆ ያደርነው አቶ ከድር የሚባሉ ከወራቤ የመጡ ነጋዴ ቤት ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ አራት አልጋ። ራት ላይ ስንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ጋቢ አመጡልኝ። “እኔም ከደቡብ ስመጣ እንዲህ ነበር ያደረገኝ። አሁን ወራቤ ስሄድ ነው የሚያመኝ” አሉኝ። ግድግዳው ስስ ነው። ከወዲያኛው ክፍል አበራ ስልክ ያወራል፤ “አዎ፣ ጎጆ ነን… ነገ ጠዋት… አይ፣ ልጁ የአምቦ ነው… ግጥም ይጽፋል መሰለኝ።” ጋቢው ሞቀኝ፤ ሌላው ነገር አልሞቀኝም።

ማክሰኞ

ካባው ከሩቅ ይታያል። ጋራው ጎኑን የተነከሰ ዳቦ ይመስላል። ሥሩ ጨፌው ተዘርግቷል፤ ከአምቦ ስታዲየም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ መሃሉ በደንገልና በረጅም ቄጠማ የተሞላ ሜዳ ነው። ከጋራው ጀምሮ ጨፌውን ለሁለት እየከፈለ የሚሄድ፣ ራሱ ቀይ ቀለም የተቀባ የችንካር መስመር አየሁ። ሰናይት ካርታዋን መኪናው ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ካባው ሲሰፋ ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር ይገፈፋል፤ ያ አፈር የሚደፋው ከችንካሩ ወዲያ ባለው የጨፌው ክፍል ላይ ነው። ምንጩ ያለውም እዚያው ነው።

“አፈሩ እዚህ ከተደፋ ጨፌው ምን ይሆናል?”

“ሜዳ ይሆናል። ደረቅ ሜዳ።”

የቀበሌው ሊቀመንበር ማረፊያ እንድናገኝ ወደ ኦቦ ደቻሳ ቤት ላኩን። ኦቦ ደቻሳ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። ከብቶቻቸው በጋውን የሚወጡት በዚሁ ጨፌ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ። ሰላምታው ረዘመ። የቤተሰብን፣ የከብትን፣ የአዝመራን ጤና ከተጠያየቅን በኋላ የአባቴን ስም ጠየቁኝ፤ ከዚያ የአያቴን፤ ከዚያ የአያቴን አባት። እዚያ ላይ አላውቅም አልኩ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ቀና ብለው አዩኝ። ከደረስን ጀምሮ ምንም አላሉም።

“እንኳን ደህና መጣችሁ። ልፋታችሁ ግን በከንቱ ነው” አሉ ኦቦ ደቻሳ። “እዚህ ወፍ የለም። ኖሮም አያውቅም።”

ተረጎምኩ። ሰናይት “በጭራሽ?” አለች።

“ዶሮ አለ” አሉ።

ከሰዓት እስኪመሽ ጨፌውን ዞርነው። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ወፍ አልነበረም። ከጥቂት ጋጋኖና ከከብት ጀርባ ከማይጠፉት ነጫጭ ወፎች በቀር ምንም። ሰናይት የርቀት መነጽሯን ደጋግማ አነሳች፣ ደጋግማ አወረደች።

እኔ ግን ሌላ ሌላ ነገር አየሁ። ሣሩ ዳር ዳሩን ታጭዷል፤ መስቀል ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም፣ ድርቆሽ የሚታጨደው ከዚህ በኋላ ነው። የአገሩ ልማድ ጨፌውን ክረምቱን ሙሉ ዘግቶ እስከ በጋ ከብት አለማስገባት ሆኖ ሳለ፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ገብቶ ይራገጥበታል። ደግሞ ጨፌው ጠርዝ ላይ አዲስ ማማ ቆሟል፤ የደረሰ እህል ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ባለ አራት እግር መቆሚያ። እንጨቱ ገና እርጥብ ነው። በአካባቢው ግን የተዘራ እህል የለም።

“ሣር ማን ይጠብቃል?” አልኩ።

“ምን?” አለች ሰናይት።

“ምንም።” አበራ ጋራው ላይ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ካባው ሰው ቀጥሮ ወፎቹን አባሯል፤ ሾፌሩ ያውቃል፤ እሷም ሳታውቅ አትቀርም። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ግጥም ጻፍኩ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

ባሩድ ሲጮህ ውሎ ድንጋይ እየናደ፣
ወፉ ቤቱን ጥሎ ወዴት ተሰደደ?

ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ለሰናይት አነበብኩላት። ፊቷ ምንም አልሆነም። “ጥሩ ነው” አለች። “ማስረጃ ግን የለውም።”

ራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር። ኦቦ ደቻሳ ቆመው ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ እኛንም፣ ጉዟችንንም፣ ዓይናችንንም ባረኩ። ትልቁ ልጃቸው ገመቹ ውሃ አስታጠበን። አዴ ጫልቱ ሳህኔ ጎደል ባለ ቁጥር ይሞሉታል። አምቦ እንግዳ “በቃኝ” ካለ ሁለት ጊዜ ይለመናል፤ እዚህ አይለመንም፣ ዝም ብሎ ይጨመርበታል። ኦቦ ደቻሳ “ወፍ አያችሁ?” ብለው ጠየቁ። “አላየንም” ስንል “ብያለሁ” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁ።

እነሱ ከብት ሊያስገቡ ሲነሱ ሰናይትን በአማርኛ “አሁን ምን ትጽፊያለሽ?” አልኳት። አዴ ጫልቱ ጥግ ላይ ዕቃ ያጥባሉ።

“ባዶ ከሆነ ባዶ ነው የምጽፈው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ካባው ይሰፋል። አፈሩ እዚያ ይደፋል። ሌላ የሚያቆመው ነገር የለም።” የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው እጇን ገልብጣ አየች። “ይሄ ቦታ ባዶ መሆን አልነበረበትም። ውሃው፣ ደንገሉ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው። አልገባኝም።”

ልትሸውደኝ ነው አልኩ በልቤ።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጨፌው ላይ ጉም ተኝቷል። ድንገት “ጧ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የተተኮሰ መስሎኝ ጤዛው ላይ በሆዴ ተኛሁ። ደገመ፤ “ጧ!” ጅራፍ ነበር።

ከጉሙ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ወፎች ተነሱ። አካላቸው ግራጫ፣ አንገታቸው ነጭ፣ እግራቸው ወደ ኋላ የተዘረጋ፤ ከጉንጫቸው ሥር እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለ ሥጋ አላቸው። እንዲህ ያለ ወፍ አምቦ አይታይም። ክንፋቸውን ቀስ ብለው እየመቱ፣ እየጮሁ፣ ከጋራው ወዲያ ተሰወሩ። ጅራፉ የጮኸው ከማማው ላይ ነው። በሆዴ እየተሳብኩ፣ ከዚያም እየሮጥኩ ሥሩ ደረስኩና “አከም ቡልቴ!” ብዬ እንዴት አደርክ አልኩት። ሰውዬው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ገመቹ ነው፣ ማታ ውሃ ያስታጠበን።

“ማን ነው የቀጠረህ?” አልኩት። “ካባው ነው? ሾፌሩ ነው?”

“ሾፌሩ?” ሳቀ። “ሾፌሩ ትናንት ነው የመጣው። እኔ እዚህ መውጣት ከጀመርኩ ቆየሁ። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በተራ ነው። ያንተ ጓደኛ ከመጣች ጀምሮ ተራው የእኛ ቤት ነው።”

“ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?”

“እንዳታይብን ነዋ!”

ከማማው ወርዶ ነገረኝ። በአንድ ስብሰባ ላይ ከቢሮ የመጣ ሰው፣ ካባው ከመስፋቱ በፊት አውሬ እንደሚጠና፣ ብርቅ ወፍ ከተገኘ ቦታው ሊከለል እንደሚችል ተናገረ። የተከለለ ቦታ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሌላ አገር ያገቡ ልጆቻቸው ነግረዋቸዋል። ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም፣ የታጠቀ ዘበኛ ይቆማል። ከሳምንታት በፊት አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ መከሩ፤ ወፍ ከሌለ ከልካይ አይመጣም። በማግስቱ ደቦ ወጡ። ደቦ ሰው እርሻውን እንዲያግዙት ጎረቤት የሚጠራበት ነው፤ እነሱ ግን ተጠራርተው የራሳቸውን ጨፌ ያለ ጊዜው አጨዱት፣ ከብት አስገቡበት፣ ማማ ተከሉበት።

“ካባውስ?” አልኩት። “ችንካሩን አታይም?”

“ችንካሩ የመንገድ ነው ብለውናል። ካባው ድንጋይ ነው የሚፈልገው፤ ጨፌው ጭቃ ነው፣ ጭቃ ምን ያደርግለታል? ወፍ ፈላጊዎቹ ግን የሚፈልጉት ጭቃውን ነው።”

ስለ አፈሩ ነገርኩት። ስለ ምንጩ ነገርኩት። ጅራፉን እየጠቀለለ ሰማኝ፤ ሲጨርስ “አንተን ማን ነው የላከህ?” አለ።

ተናደድኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ ከአምቦ ከተነሳሁ ጀምሮ ስለ ሰው ሁሉ በልቤ ስጠይቅ የነበረው ይህንኑ እንደሆነ ገባኝ።

ሰናይትን ቀስቅሼ ነገርኳት። ደስ ትላለች ወይስ ትደነግጣለች ብዬ ፊቷን ጠበቅኩ። “ሁለት ናቸው? ጉንጫቸው ሥር ሥጋ አለ? ብርቅ ናቸው እኮ!” አለችና ጫማዋን ሳታስር ወደ ኦቦ ደቻሳ ሮጠች።

ካርታውን ምድጃው አጠገብ ዘረጋችላቸው። እኔ እተረጉማለሁ። ኦቦ ደቻሳ ካርታውን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያዩት።

“ወረቀቱን ማን ሠራው?” አሉ።

“ካባው።”

“መኪናው የካባው፣ ወረቀቱ የካባው። ታዲያ ካባው ራሱ ላይ እንድንነሳ ነው የላከሽ? ልጄ፣ ይህን በደንብ ተርጉምላት።”

“ማታ ነግሬው ነበር!” አለ አንድ ድምፅ፣ በጥሩ አማርኛ።

አዴ ጫልቱ ነበሩ። እኔና ሰናይት ተያየን።

“አማርኛ ይችላሉ?” አልኳቸው።

“አምቦ አክስቴ ቤት ሆኜ አይደል የተማርኩት? እንግዳ እርስ በርሱ ሲያወራ ጣልቃ አይገባም ብዬ ነው።” ወደ ባላቸው ዞሩና በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ “ባዶ ከሆነ አፈሩ ይደፋል ብላ ለልጁ ስትነግረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ አላልኩህም?”

“እኔስ ምን አልኩሽ? እንድንሰማው ብለው ነው ያወሩት አላልኩሽም?”

“አማርኛ እንደምችል በምን ያውቃሉ? አንተ ራስህ የምትረሳውን!”

ገመቹ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ። ኦቦ ደቻሳ አሁን ገና ካርታውን ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ ለሰናይት “ወፉን ብናሳይሽ፣ ቦታው አይከለልም ብለሽ ቃል ግቢልን” አሉ።

ሰናይት ወዲያው መለሰች። “ቃል አልገባም። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ጨፌውን እናንተ እንዴት እንደምትጠብቁት፣ መቼ እንደምትዘጉት፣ መቼ እንደምታጭዱት አብሬ እጽፋለሁ። ወፎቹ እስካሁን የቆዩት በዚያ ነውና ከብታችሁን የሚከለክል ምክንያት አይታየኝም። ግን ሌላ ሰው ሌላ ሊወስን ይችላል።”

ይህን ማለስለስ ፈልጌ ነበር። “ግን” ያለችውን ብተወው ማን ያውቃል? አዴ ጫልቱ ግን ክንዳቸውን አጣምረው አፍ አፌን ያዩኛል። እንዳለ ተረጎምኩት።

“እዚህ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ቃል ገብቶልናል” አሉ ኦቦ ደቻሳ። “የቧንቧ ቃል አለን። የመብራት ቃል አለን። ቃል ሳትሰጠን የበላችው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።” ከዚያ ወደ ውጭ ተጣሩ። “ገመቹ! ከብቱን አውጣ። ለሁሉም ንገር።”

እኩለ ቀን ላይ አበራ መጣ። “ዛሬ ተመለስ ተብያለሁ” አለ። ሰናይት ሥራዬ አላለቀም አለችው። “እኔ ሾፌር ነኝ እህቴ። ብትመጪ አደርስሻለሁ፤ ባትመጪ መኪናውን ነው የሚፈልጉት።” አልመጣም አለችው። ሊሄድ ሲል መስኮቱን አወረደና “አንተ ገጣሚ፣ ጆሮህን ግድግዳ ላይ ከምትለጥፍ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። የት ደረሳችሁ ይሉኛል፣ እዚህ ደረስን እላለሁ። ይኸው ነው” አለኝ። የነበረውን የውሃ ጠርሙስ ሁሉ ትቶልን ሄደ። ስለ አበራ እስካሁን አልወሰንኩም።

ሐሙስ

ወፍ ሲያባርር የከረመ ሰፈር ወፍ እንዲመጣለት ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ውሾች ታሰሩ። የመዘምራኑ ልምምድ በድምፅ ማጉያ ነበር፤ ተሰረዘ። አንድ አህያ ጮኸ፤ ባለቤቱን ሁሉም በዓይን ቆጣው። እኔና ሰናይት ከቁጥቋጦ ሥር፣ ኦቦ ደቻሳ በርጩማቸው ላይ አጠገባችን ሆነን ጉሙ እስኪገፈፍ ጠበቅን። ምንም የለም። ፀሐይ ወጣ፣ ጀርባችን ሞቀ። ምንም የለም።

“አስመርረናቸዋል” አሉ ኦቦ ደቻሳ። “እኔም ብሆን አልመለስም።”

አዴ ጫልቱ ትኩስ ድንችና እርጎ ላኩልን። እየበላን ሳለ ሰናይት እጄን ጨበጠችኝ። መነጽሯ ጨፌው መሃል፣ ከብትም ማጭድም ያልደረሰበት ጥልቁ ቄጠማ ላይ ነበር። “እዚያ አንድ ራስ አለ” አለች በሹክሹክታ። “ጫጩት ናት። አትበርም ገና። ለዚህ ነው እነዚያ የማይሄዱት።”

ብዙ ሳይቆይ ሁለቱ ወላጆች ከጋራው ወዲያ መጡ። አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ማማው ላይ ማንም የለም። ዳግመኛ ዞሩና እግራቸውን ቀድመው አወረዱ። ከኋላችን፣ ከየአጥሩ ሥር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ትንፋሽ ሲለቅ ሰማሁ። ሰናይት ፎቶ አነሳች፣ ደጋግማ አነሳች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አወጣች።

ኦቦ ደቻሳ አንገታቸውን ወደ ወረቀቷ አሰገጉ። “ስንት ብላ ነው የምትጽፈው?”

“ሦስት።”

“ሦስት በዛ” አሉ። “አንድ ይበቃል በላት። ካባውን ለማቆም አንድ አይበቃም? ሦስት ካለች ዘበኛ ይመጣል።”

ተረጎምኩ። ሰናይት ሳቋን ዋጠች። “ዋናዋ ጫጩቷ ናት በላቸው። ወላጆቹን ብቻ ብጽፍ የቀጠሩኝ ሰዎች አላፊ ወፍ ነው፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል ይሉኛል። ጫጩት ካለች ግን እዚህ ነው የወለዱት ማለት ነው፤ ያን ማንም አያልፈውም።”

ኦቦ ደቻሳ አሰቡ። ወፎቹን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ጋራውን አዩ።

“እሺ” አሉ። “ጫጩቷን ትጻፍ። እናቷንም ትጻፍ፣ ጫጩት ያለ እናት አትሆንም። አባትየውን ግን ትተወው።”

ሰናይት ሦስቱንም ጻፈች። እሳቸውም አይተዋታል። ያን ቀን ራት ላይ ሲጸልዩ ስለ ዓይናችን አላነሱም።

ዓርብ

ከካቺሲ ገበያ የሚመለስ አይሱዙ ላይ፣ በገብስ ጆንያ መሃል ተቀምጠን ወጣን። ካቺሲን ሳላያት ተመለስኩ፤ ያየ ሰው ይጻፋት። አዴ ጫልቱ ጩኮ ቋጥረውልናል፤ በቅቤ የታሸ ገብስ ነው፣ አንድ እፍኙ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። የአያቴን አባት ስም አጣርቼ እንድልክላቸውም አዝዘውኛል። ጊንጪ ላይ ሰናይት ወደ አዲስ ዓለም፣ እኔ ወደ አምቦ ተለያየን። “ያን ግጥም ምን ታደርገዋለህ?” አለችኝ። ቀደድኩት ማለት ፈልጌ ነበር። አልቀደድኩትም፤ ውሸቱን ቢሆንም ቤቱ ይመታል።

አምቦ ስደርስ የሰፈር ልጆች “እህሳ፣ ምን ሸጠህ መጣህ?” አሉኝ። ወፍ ሳይ ነበር አልኳቸው። ማንም አላመነኝም፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም።

ሰናይት ጽሑፏን አስገብታለች። አጥኚው ድርጅት ወፎቹን ከዋናው ጽሑፍ ወደ አባሪ አውርጂያቸው ብሏት አልፈቀደችም፤ ይህን የምታውቁት እሷ ስለነገረችኝ ነው፣ ያየሁት አይደለም። ካባው እስካሁን ወደ ጨፌው አልወረደም። ችንካሮቹም አልተነቀሉም።

ባለፈው ሳምንት ገመቹ ደወለ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አምቦ ከጠየቀኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ሌሎች ሁለት መጥተዋል” አለ። “አሁን አምስት ናቸው።”

“ደስ ይላል! ለሰናይት ልንገራት?”

ከኋላ የኦቦ ደቻሳ ድምፅ ይሰማል። ገመቹ ስልኩን በእጁ ከድኖ አዳመጠና ተመለሰ።

“አባዬ አራት በላት ብሏል።”